ማስተካከያ፦ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር ይገባል
ከደሴ ወጣ ብለው መናፈስ ለሚፈልጉ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ ስለሚገኝ ያለ ጀልባ አይደረስበትም ብለን ነበር። ተሳስተናል። ቦታው ጥንት ደሴት ቢሆንም ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በእግር ይገባል። አንድ አንባቢያችን እኛን አምነው፣ አረጋዊ አባታቸውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ጀልባ ሲፈልጉ መዋላቸውን ስንሰማ በጣም አዝነናል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ እንደማይገቡም መግለጽ ነበረብን።

ገዳሙ የሚገኝበት የሎጎ ሐይቅ ውሃ በአቅራቢያው ወዳለው አርዲቦ ሐይቅ ይፈስሳል ያልነውም የተገላቢጦሽ ነው። ከፍ ብሎ የሚገኘው አርዲቦ ነው፤ ትርፍ ውሃውም ወደ ሎጎ ይወርዳል። ሎጎ ግን በገጸ ምድር የሚፈስስ መውጫ የለውም፤ ዳርቻው ላይ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠራርጎ የሚወስድለት ወንዝ የለም።