18ቱን «60 ነው» እያላችሁ አትሽጡልን

ኧረ ባካችሁ የባትሪ ነጋዴዎች፣ ይሄ ነገር ይብቃ! ጎንደር ውስጥ መኪናውን ማቅለልና ማፍጠን የሚወድ ወጣት በዝቷል። ጎማውን፣ ማርሚታውን፣ ወንበሩን ሳይቀር በኪሎ የሚያሰላ ልጅ ሱቅ ገብቶ «ቀላል ሊቲየም ባትሪ አላችሁ?» ሲል የሚቀርብለት አንድ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ላዩ ላይ «60» ተጽፎበታል። አነሳው፣ ቀለለው፣ ገዛው። ስድሳው ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሲጠይቅም «ያው ነው፣ ግጠመው» ይባላል። ያው አይደለም!

እዚያ ሳጥን ላይ ያለው 60 አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው አቅም፣ ማለትም በአምፔር-ሰዓት የሚለካው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን፣ አይደለም። «ከ60ው የእርሳስ ባትሪ እኩል ሞተር ያስነሳል» ለማለት የተለጠፈ ቁጥር ነው፤ የእርሳስ ባትሪ የምንለው የተለመደውን ከባዱን የመኪና ባትሪ ነው። የውስጡ ትክክለኛ አቅም ብዙ ጊዜ 20 አምፔር-ሰዓት አይሞላም። ይሄ በራሱ ነውር አይደለም። የጀርመኑ መኪና አምራች ፖርሽ 911 ጂቲ3 ለሚባለው የስፖርት መኪናው ያቀረበው ሊቲየም ባትሪ ከ6 ኪሎ በታች ነበር፤ ከ60ው የእርሳስ ባትሪ ከ10 ኪሎ በላይ ይቀላል። አቅሙ ግን 18 አምፔር-ሰዓት ነበር፤ ፋብሪካው ይህንን አልደበቀም፣ ለብርድ ጊዜም የተለመደውን ባትሪ ጨምሮ ነበር የሚሰጠው። እኛ ጋ ግን 18ቱ ተደብቆ 60ው ብቻ ይወራል።

ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ሲቆም ነው። አላርምና ጂፒኤስ የተገጠመለት መኪና ቆሞም ቢሆን 50 ሚሊአምፔር ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል። 60ው የእርሳስ ባትሪ ይሄንን ለሳምንታት ይችለዋል። ትክክለኛ አቅሙ 10 የሆነ ሊቲየም ግን በስምንት ቀን ውስጥ ባዶ ነው። ባለቤቱ ለሥራ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መኪናው ጭጭ ይልበታል።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የሶላር ባትሪን ለመኪና መሸጥ ነው። የሶላር ሊቲየም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ 100 አምፔር ላይ ይቆርጣል። ለቤት መብራትና ለቴሌቪዥን ይሄ ከበቂ በላይ ነው። የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ግን ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ ዲዝል ከሆነ ከ300 ያልፋል። ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይልና ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ያኔ ሻጩ «ሞተሪኖህ ነው» ይለዋል፤ ልጁ ጋራዥ ሄዶ ጤነኛውን ሞተሪኖ ያስፈታል፣ ካርቦን ያስቀይራል፣ ብሩን ይከፍላል። ባትሪው ደግሞ እንዳለ ነው! መኪና ለማስነሳት የተሠራ ባትሪ ላይ ሲሲኤ የሚባል ቁጥር አለ፤ በብርድ ሞተር ሲነሳ የሚሰጠው አምፔር ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ከሌለው፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ለመኪና አይሆንም።

አሮጌ የላፕቶፕና የኤሌክትሪክ ሳይክል ሴል (ባትሪ የሚገነባባትን ትንሿን ክፍል) ለቃቅመው ሳጥን ውስጥ የሚያሽጉም አሉ። ይሄኛው ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፣ ሕይወት ነው። የእነዚያ ሴሎች ጣሪያ 4.2 ቮልት ነው። ሦስቱ በተከታታይ ሲታሰሩ ጣሪያቸው 12.6 ይሆናል፤ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) 14.4 ሲልክባቸው እያንዳንዱ 4.8 ይደርሰዋል። ያብጣል፣ ይቃጠላል። አራት ቢታሰሩ ደግሞ ለመሙላት 16.8 ይፈልጋሉ፣ መኪናው አይሰጣቸውም። ከመኪና ቻርጅ ጋር የሚስማማው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ አራት ሴል፣ 12.8 ቮልት፣ ጣሪያው 14.6። ሳጥኑ ላይ ይሄ ስም ካልተጻፈ ጥላችሁ ውጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጥታችሁ ዲናሞውን ለኩ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በቀጥታ ባትሪው ፖል (ገመዱ የሚታሰርበት) ላይ፤ መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ፣ ከዚያ ነዳጅ ሰጥታችሁ ወደ 2000 ዙር፣ መብራት አጥፍታችሁም አብርታችሁም። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ መልካም ነው። ከ14.6 ካለፈ መጀመሪያ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ይቀየር። ጠዋት የምለው ብዙ ሬጉሌተር ሲቀዘቅዝ ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርግ ነው፤ ቀትር ላይ የተለካ ቁጥር ያታልላል። የእርሳስ ባትሪ «የሚያድስ» ቁልፍ ያለውን ቻርጀርም አታስጠጉት፤ ያ ቁልፍ ቮልቱን ከ15 በላይ ይሰቅለዋል።

ስለ ቴስተር ካነሳን አይቀር፣ ኤሌክትሪሺያኖቻችንም ይስሙ። የእርሳስ ባትሪ አርፎ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። ሊቲየም አርፎ 12.8 ካሳየ ግን የቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው! ሙሉው 13.3 አካባቢ ያሳያል። በየጋራዡ 12.8 አይቶ «ባትሪህ ሙሉ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው» የሚል ባለሙያ ስንቱን አንከራተተ። ዜሮ ሲያሳይም «ሞቷል» ብለው እንዲጣል ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ቢኤምኤሱ ራሱን ዘግቶ ነው። የሊቲየም ቻርጀር ሲሰጠው ይነቃል። ከነቃ በኋላ ከ8 ቮልት በታች ካሳየ ግን ሴሉ ተጎድቷል፣ በግድ አትሙሉት።

የቦታውን ነገር እናንሳ። ጎንደር ከተማ ሌሊቱ ዜሮ ስለማይወርድ ብርድ የሚያሰጋ አይደለም። ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች ወጥቶ የሚያድር ግን ይጠንቀቅ፤ ሊቲየም ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ሴሉ ውስጥ ሊቲየሙ ይጋገርና አቅሙ ላይመለስ ይሄዳል። በብርድ ጠዋት መጀመሪያ ፍሬቻና መብራት ለአንድ ደቂቃ አብሩ፤ ባትሪው በራሱ ይሞቃል፣ ሁለተኛው ማስነሻ ከመጀመሪያው ይሻላል። ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ጭንቀቱ ተቃራኒው ነው። ውጭው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሙቀት አስቡት፤ ብዙዎቹ ሊቲየሞች የሚፈቅዱት እስከ 60 ዲግሪ ነው።

«እንግዲያው ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ላድርገው» ለሚል፣ ይቻላል። ግን 5 ሜትር የ35 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ገመድ ከነሽፋኑ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ ያተረፋችሁትን እየመለሳችሁ ነው። ፊውዙ ከፖሉ አጠገብ ይሁን፣ ከፊት ሳይሆን ከባትሪው በኩል። ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሻጩ መዳብ ብሎ ቢምልም። የፖሉንም ውፍረት እዩ። ቪትዝን የመሳሰሉ ትንንሽ የጃፓን መኪናዎች ማሰሪያቸው ለቀጭን ፖል ነው። ከፖሉ ጋር ሳይመጣጠን በቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተጣበቀ ማሰሪያ በንዝረት ይላላል፣ ይሞቃል፣ ፖሉን ያቀልጠዋል።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ውስጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል። 1,000 ኪሎ ከሚመዝን መኪና 10 ኪሎ ሲቀነስ 1 በመቶ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ሲወጣ ይሄ አይሰማም። ሁሉን አቅሎ የጨረሰ ሰው ይግዛው፣ ደግ ነው፤ ካንዴላውና የአየር ማጣሪያው በቆሸሸ መኪና ላይ ግን በመጀመሪያ ባትሪ መቀየር ብር መጣል ነው። ዲዝል ያለውና መኪናውን ለሳምንታት የሚያቆም ሰው ደግሞ የእርሳሱን አይልቀቅ።

ነጋዴዎች ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ትክክለኛው አምፔር-ሰዓት፣ ሲሲኤው፣ የቻርጅ ጣሪያው፣ የሴሉ ዓይነት፤ አራቱንም ደረሰኙ ላይ ጻፉልን። ገዢዎችም፣ አራቱ ካልተጻፉ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።