ይድረስ ከኮርኒሴ በላይ ለሚገኘው መገጣጠሚያ

ክቡር የፒቪሲ ቱቦ መገጣጠሚያ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጠብታዎን ከመጥረግ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትዎስ አላስቸገረኝም። ላይ ቤት ሻወር በተከፈተ ቁጥር ወርደው ይጠይቁኛል። በዚህ ዘመን ለጎረቤቱ እንዲህ ጠብ እርግፍ የሚል ከየት ይገኛል?

ኮርኒሱ ላይ የሣሉትን ቡናማ ክብ እንግዳ ሁሉ ያደንቅልዎታል። ዳር ዳሩ ጠቆር፣ መሃሉ ፈዘዝ ያለ ነው። ለላይኛዋ እትዬ ፎቶውን ባሳያቸው «እኛ ጋ እኮ ደረቅ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሃው ያለው እኔ ጋ ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲገጠሙ ቆሜ አይቻለሁ። ሰውየው ቱቦውን በመጋዝ አጣሞ ቆረጠ። ጫፉን አልሞረደም፤ ብናኙንና እርጥበቱን በጨርቅ አልጠረገም። ጣሳውን ሲከፍት ማጣበቂያው ረግቷል። ክዳኑ ሳይጠብቅ ከርሞ ማሟሟቻው ተንኗል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ይጣላል። እሱ ግን ቲነር ጠብ አድርጎ አማሰለው።

እንግዲህ ይሄ ማጣበቂያ የፕላስቲኩን ገጽ ያሟሟል። የለሰለሰው ቱቦ ከለሰለሰው ሶኬት (ቱቦው ከሚገባበት ማያያዣ) ጋር ይዋሃድና፣ ማሟሟቻው ሲተን ሁለቱ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ለዚህ ደግሞ ቱቦውንም ሶኬቱንም መቀባት፣ ሳይዘገዩ እስከ ጥጉ አስገብቶ ሩብ ዙር ማዞር፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጨብጦ መያዝ ይፈልጋል። እርስዎን ማን ይያዝዎት? በአንድ እጁ አስገባዎት፣ በሌላው ስልክ አነሳ።

«እስከ ነገ ውሃ አትልቀቁ» ማለት እንኳን አልመጣለትም። «ያዘ፣ ያዘ! ክፈቱት!» አለ። ተከፈተ። የተያዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያላዩት ሕክምና የለም። መጀመሪያ ማጣበቂያውን ከላይ ለቀለቁብዎት፤ በውጭ የተቀባ ወደ ውስጥ አይገባምና አልረዳዎትም። ቀጥሎ ፌስታል ጠመጠሙብዎት። በፌስታሉ ላይ ካላማዳሪ ጠፈነጉ። በካላማዳሪው ላይ ሲሚንቶ ለሰኑ። ባለፈው በቀዳዳው ባየሁዎት ጊዜ እግሩ የተሰበረ ኳስ ተጫዋች መስለውኛል። ጠብታው ግን በሲሚንቶው ጎን አዲስ መንገድ አግኝቷል።

መድኃኒትዎን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተዋሃደ ፕላስቲክ ተመልሶ አይፈታም፤ ግራና ቀኙ ተቆርጦ በአዲስ ቱቦና በአዲስ ሶኬት ይተካል። «ወጪውን ማን ይችላል?» በሚለው አጀንዳ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ተበትኗል። እስከዚያው በባልዲ እየተቀበልኩዎት እቆያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታችኛው ቤት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለላይኛዋ እትዬ፣ ደረቁ ቤታቸው
ለብሎኩ ኮሚቴ፣ ለመረጃ ያህል
ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ስልኩን ዛሬም የሚያነሳ ከሆነ