ሽሪምፑን ሸጠን ስንዴ ስንሸምት

ወገኖቼ፣ የኤክስፖርት ዜና በተነገረ ቁጥር ማጨብጨባችንን እናቁም። እኛ ቀለባችንን ከውጭ የምንሸምት አገሮች ዜጎች ነን። ስንዴው፣ ሩዙ፣ ዘይቱ በመርከብ ይመጣልናል። በዚያው ወደብ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ፣ ያ ቅርፊት ለበስ ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ እና ነፍሱ ያልወጣ ሸርጣን ተጭኖ ይሄዳል። ስንት ዶላር እንደገባ ሁላችንም እንሰማለን። የወጣው ነገር ምግብ እንደሆነ ግን ማን ልብ አለ?

ሽሪምፕ መሸጥ ነውር ነው አላልኩም። አንድ ኪሎ ሽሪምፕ ብዙ ኪሎ ስንዴ ይገዛል፤ ይህን ማወቅ ብልህነት ነው። የምቆጣው በሌላ ነገር ነው። ዶላሩን እየቆጠርን ባሕሩንም ማዕዳችንንም ረሳን።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እንደኛ ያሉትን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የምግብ ጉድለት ያለባቸው አገሮች ብሎ ይመድባቸዋል። በነዚህ አገሮች ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ዓሣ፣ ሽሪምፑንና ዛጎል ለበሱን ሁሉ ጨምሮ፣ በ1961 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 4 ኪሎ ነበር። በ2017 9.3 ኪሎ ደረሰ። ዕድገት ነው፣ አልክድም። በዚያው ዓመት ግን ያደጉት አገሮች ነዋሪ 24.4 ኪሎ ይደርሰው ነበር። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው የተጫነላቸው ከታዳጊ አገሮች ነው።

ደግሞስ የተማመንበት ገበያ ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ነጭ እግር የሚባለው የሽሪምፕ ዝርያ ብቻ በ2020 በእርባታ 5.8 ሚሊዮን ቶን ተመርቷል። እነ ኢኳዶርና ሕንድ ዓለምን አጥለቅልቀውታል። በ2023 ምርቱ ከፍላጎቱ በልጦ ዋጋው ወረደ። ኩሬውን በብድር የቆፈረ አርቢ ብድሩ አብሮ አይወርድለትም። የአገሩም የስንዴ ሂሳብ የሽሪምፕን ዋጋ ተከትሎ አይቀንስም።

በሽታም አለ። ነጭ ነጥብ የሚባለው ቫይረስ ሰውን አይነካም፤ ሽሪምፕን ግን በቀናት ውስጥ ኩሬ ሙሉ ይፈጃል። በ2011 የሞዛምቢክን እርሻዎች መታ። በ2012 ወደ ማዳጋስካር ተሻገረ። የባንግላዴሽን ሽሪምፕ ደግሞ በሽታ ሳይሆን ቆሻሻ ነው ያስቆመው። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 የማቀነባበሪያ ፋብሪካዎቹን ንጽሕና አይቶ ለወራት በሩን ዘጋ። ይህን ያነሳሁት ፈረንጅ በደለን ለማለት አይደለም። ንጽሕናው መጀመሪያውኑ ለኛው ለራሳችን በሆነ ነበር።

ባንግላዴሽን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። በደቡብ ምዕራብ፣ በኩልና፣ በሳትኪራና በባገርሃት፣ ሩዝ የሚበቅልበትን መሬት ከባሕር የሚጠብቅ ግድብ ነበር። ለሽሪምፕ ሲባል ግድቡ ተቀደደና ጨዋማ ውኃ ገባ። ጨው አንዴ ከገባ ኩሬው ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። የጎረቤቱን ማሳ ያደርቃል። የከብቱ ሣር ይጠፋል፣ የፍራፍሬው ዛፍ ይሞታል፣ ሴቶች የሚጠጣ ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። ካሩናሞዪ ሳርዳር የተባለች የመንደር ሴት ይህን አንቀበልም ብላ ሰልፍ ወጣች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1990 በሰልፉ ላይ እንዳለች ተገደለች። እሷ ሕይወቷን የሰጠችበትን ጥያቄ እኛ በስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ለመጠየቅ እንሰንፋለን።

አሁን ወደ ናቅነው ምግብ ልምጣ። ኦይስተር፣ ክላምና ማሰል በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ናቸው፤ መኖ አይገዛላቸውም። ውኃውን እያጣሩ የሚያገኙትን ይበላሉ። ሽሪምፑ ግን መኖ ይፈልጋል፤ የመኖው አኩሪ አተርና የዓሣ ዱቄት ብዙ ጊዜ በዶላር የሚገዛ ነው። ኦይስተር በዚንክ፣ በብረትና በቫይታሚን ቢ12 የበለጸገ ነው። እርጉዝ እናትና ሕፃን የሚያጡት ደግሞ ይህንኑ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እናቶች ጭቃው ውስጥ እየገቡ ይለቅሙታል። አብዛኛው የትም አይመዘገብም። ስላልተመዘገበ በጀት የለውም፣ ባለሙያ አይመደብለትም። ቦታው ለኩሬ ሲሰጥ ባዶ መሬት ነበር ይባላል። ባዶ አልነበረም! የአንድ መንደር ጓዳ ነበር።

እንዲህ ያለውን ምግብ የድሃ ነው ብላችሁ ፊት የምታዞሩ፣ ተው። ፍሳሻችሁን ወደ ባሕር የምትለቁም ስሙ። ውኃ የሚያጣራ እንስሳ እናንተ የለቀቃችሁትንም ያጣራል። ሄፓታይተስ ኤ የተባለው የጉበት በሽታ በዚህ መንገድ ተመልሶ ከማዕድ ይቀርባል። አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ኦይስተራቸውን ለአውሮፓ ገበያ ማቅረብ የማይችሉት የሚለቀምበት ውኃ በየጊዜው ስለማይመረመር ነው። ለፈረንጅ አይሆንም የተባለውን እኛ ሳይመረመር እንበላለን። ምርመራውን ለራሳችን ልጆች ስንል እንጠይቅ።

ነጋዴዎች፣ እናንተም አላችሁበት። ማዳጋስካር ውስጥ የቅርፊቱ ስፋት 11 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ የማንግሮቭ ሸርጣን መያዝ በሕግ ክልክል ነው፤ ማንግሮቭ በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሕጉ ያለምክንያት አልወጣም፤ ሳይወልድ የተያዘ ሸርጣን ምትክ የለውም። ትንሹን ሸርጣን ግን የሚገዛ እስካለ ድረስ የሚይዝ አይጠፋም። ጥንቃቄያችንም ያሳፍራል። ሸርጣኑ በጆንያ ይታጨቃል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይቆለላል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል። ገዢው የሚፈልገው በሕይወት ያለውን ነው፤ የሞተው ይጣላል። ጥላ፣ የእንጨት ሳጥንና አልፎ አልፎ የሚረጭ የባሕር ውኃ ብዙውን ያተርፉት ነበር። ይህ ምርምር አይፈልግም፣ ትንሽ ማሰብ ብቻ ይበቃዋል።

አይቻልም እንዳትሉኝ። የጋምቢያን ሴቶች እዩ። በታንቢ ረግረግ ኦይስተር የሚለቅሙ እናቶች በ2007 ትራይ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ኦይስተሩ የሚያድገው በማንግሮቭ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። ሥሩን በመጥረቢያ ከቆረጡት የሚቀጥለው ትውልድ የሚጣበቅበት የለውም። ስለዚህ ሥሩን ትተው ዛጎሉን ብቻ መፈልቀቅ ያዙ። የመልቀሚያውን ወቅት ለረጅም ወራት እየዘጉ ኦይስተሩ እስኪያድግ ይጠብቁ ጀመር። መጠበቅ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ለዕለት ጉርስ ለሚለቅም ሰው ግን ከባድ ነው። በ2012 መንግሥት በረግረጉ ኦይስተርና ክላም የመጠቀም መብቱን ለነሱ ብቻ ሰጠ። ባለሀብት አልነበሩም። ተደራጁ፣ ጠየቁ፣ አገኙ።

እናንተም ጠይቁ። በአካባቢያችሁ የሽሪምፕ ኩሬ ሊፈቀድ ነው ሲባል ከስብሰባው አትቅሩ። የኩሬው ጨው ውኃ የት ይፈስሳል በሉ። ቫይረስ ቢገባ ዕዳውን ማን ይከፍላል በሉ። ሴቶቹ የሚለቅሙበት ጭቃ በካርታው ላይ የት ጋ እንደሆነ ያሳዩአችሁ። ካርታው ላይ ከሌለ፣ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ይግባ።