ብዕር ሰጥተው ጆሮ የሚነሱ

የሥነ አእምሮ ነርሶች የሁለተኛ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ይከለስ በሚል ሰሞኑን በተካሄደ አንድ የባለሙያዎች ውይይት ላይ የተሰነዘረ አስተያየት ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ተናጋሪው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የነርሷ ሚና ስለተለወጠ፣ ማለትም ዛሬ መርምራ መድኃኒት የምታዝና ሕክምናውን በራሷ ኃላፊነት የምትመራ ባለሙያ ስለሆነች፣ የንግግር ሕክምና ኮርሱ፣ ማለትም ታካሚን በማነጋገርና በማዳመጥ የሚሰጠው የሥነ አእምሮ ሕክምና ትምህርት፣ እና በከፍተኛ ባለሙያ ክትትል የሚሰጠው ልምምድ ተቀንሶ ሰዓቱ ለመድኃኒት ትምህርት ይዋል አሉ። ከታካሚ ጋር መነጋገርንማ ሥራ ላይ ሆነው ይለምዱታል ሲሉም አከሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከመጨረሻው ልጀምር። መነጋገር ሥራ ላይ የሚለመድ ከሆነ መድኃኒት ማዘዝስ ለምን ሥራ ላይ አይለመድም? ይህን ለማለት የሚደፍር የለም፤ ምክንያቱም በመድኃኒት የሚፈጸም ስሕተት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ይወጣል፣ በንግግር የሚፈጸመው ግን ታካሚው በቀጠሮው ቀን ሳይመጣ ሲቀር ብቻ ይታያል፤ መዝገቡም «ቀርቷል» ብሎ ያልፈዋል። አሥር ዓመት ከታካሚ ጋር ያወራ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ አንዱን ስሕተት ሲደጋግም ኖሮ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ተቀምጦ ያረመው ከሌለ በምን ያውቃል?

ደግሞስ መድኃኒት ማዘዝን ከማዳመጥ ለይተው ማን አሳያቸው? ክሎዛፒንን እንውሰድ። ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዱት የስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ታካሚ የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሳትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊቀንስ ስለሚችል የደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል። ከ48 ሰዓት በላይ ያቋረጠ ታካሚ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ነበረበት መጠን አይመለስም፤ ከ12.5 ሚሊግራም እንደገና ይጀምራል፣ አለዚያ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን ሁሉ የመድኃኒት ኮርሱ ያስተምራል። ማቋረጡን ለነርሷ የሚነግራት ግን ኮርሱ ሳይሆን ታካሚው ነው። እሱም ሦስት ቀን የተወው መድኃኒቱ የሚያበዛው ምራቅ ሌሊት ትራሱን እያራሰበት ስላፈረ፣ ወይም የሚሰማቸው ድምፆች እንዳይውጥ ስላዘዙት ሊሆን ይችላል። ቁጣ የሚጠብቅ ሰው «እየወሰዱ ነው?» ሲሉት «አዎ» ብሎ ይገላገላል። «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ይዘለዋል፤ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» የምትል ነርስ ግን እውነቱን የማግኘት ዕድሏ ይሰፋል፤ ይህች ጥያቄና ከጥያቄዋ በኋላ ያለው ዝምታ በትምህርትና በእርማት የሚገኙ ናቸው። ያለ እነሱ ማዘዣው በትክክለኛ መጠንና በሕጋዊ ፊርማ ተጽፎ ሰውን ሊጥል ይችላል።

ሲጋራ ያቆመውም ታካሚ እንዲሁ ነው። ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ፣ ጉበት ክሎዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ስለነበር፣ ማጨሱን በተወ በቀናት ውስጥ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል። ሰውየው የሚኮራበትን መልካም ዜና ይዞ መጥቶ፣ ጠያቂ አጥቶ፣ ያንኑ ማዘዣ ታድሶለት ወደ መመረዝ ይሄዳል። በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ባለች ጠባብ መጠን የሚሠራውንና ከ1.5 ሲያልፍ መርዝ የሚሆነውን፣ ለስሜት መዋዠቅ ሕመም (ባይፖላር) የሚታዘዘውን ሊቲየምንም፣ ታካሚው ለጉልበቱ ሕመም ገዝቶ የዋጠውና ከመድኃኒት ያልቆጠረው አይቡፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ የንግግር ሕክምናን ትርፍ ጌጥ ያደረጉት ሰዎች ራሱን የመድኃኒት ሥራውን አያውቁትም ብል አልተሳሳትኩም።

ሚና ተለወጠ ማለት በነባሩ ላይ ተጨመረበት ማለት ነው እንጂ ነባሩ ተነቀለ ማለት አይደለም። የነርስ ሙያ ምሁሯ ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ነርሶችን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎች ከታካሚ ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል ጽፈው እያመጡ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይመረመር ነበር። ዛሬ ስማቸውን በፈተና እያስጻፉ ሥራቸውን ከልምምዱ የሚያወጡ መምህራን አሉን።

በአሜሪካ መርምረው መድኃኒት ለሚያዙ ነርሶች (ነርስ ፕራክቲሽነሮች) የሚጠየቀው ዝቅተኛ የክሊኒክ ልምምድ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው መስፈርት ከ500 ወደ 750 ሰዓት አድጓል እያሉ የሚያጽናኑንም አልጠፉም። በቀን ስምንት ሰዓት ብንቆጥረው አንድ መቶ ቀን አይሞላም። ሰዓቱ በምን እንዳለፈ ደግሞ ቁጥሩ አይናገርም።

የመድኃኒት ትምህርት መጠናከር እንዳለበት አልክድም። ጊዜው ከየት ይምጣ ለሚሉኝ፣ መምህሩ ስላይድ ከሚያነብባቸውና ተማሪው ከፈተና ማግስት ከሚረሳቸው የአመራር ኮርሶች ይምጣ፤ እነሱን የነካ የክለሳ ኮሚቴ ግን እስካሁን አላየሁም።

«ሥራ ላይ ይለምዱታል» የተባለውም ሥራ ከበሩ ውጭ ሠላሳ ሰው የተሰለፈበት ክሊኒክ ነው፤ እዚያ ማን ቁጭ ብሎ ያርማታል? ስለዚህ ኃላፊው ረቂቃቸውን ሲያቀርቡ፣ ከልምምዱ ሰዓት ውስጥ ተማሪዋ ከታካሚ ጋር ስትነጋገር ከፍተኛ ባለሙያ ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ስንቱ እንደሆነ በቁጥር ይጻፉልን። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለው ይጻፉና ይፈርሙበት።