ጎ ቱ ለዘላለም ትኑር!

ደሴ ላይ ለአንድ ባለሙያ ሐውልት ይቁም ከተባለ እኔ እጩ አለኝ። ፒያሳ ቦታ ከጠፋም ሌላ ቦታ ይቁምልኝ፣ አልከራከርም። እጩዬ ያ «የሚሠራውን አትንኩት» የሚለው ነባር ፕሮግራመር ነው። ታውቁታላችሁ ጀመዓ። ጅምላ መደብር ግቡ፣ መጋዘን ግቡ፣ የሱ እጅ ያረፈበት ፕሮግራም አታጡም። ስሙ ሲነሳ ባለሱቁ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ብድግ ይበል እንጂ! ጋሼ ስልክ ካላነሱ እኮ ያን ቀን ደረሰኝ የለም።

እኛ ገና ከካምፓስ የወጣነው ልጆች ምን እናውቃለን። «ጋሼ፣ ይቺን ቦታ እኮ ዘመናዊ ማድረግ ይቻላል» እንላለን። እሳቸው ቡናቸውን ፉት ብለው «አብሽር ልጄ፣ ይሄ ኮድ አንተ ዳዴ ስትል ደሞዝ ይከፍል ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይከፍል ነበር። ለማን ስንት ይከፍል እንደነበር ግን አንጠይቅ፣ ነውር ነው።

እንግዲህ ከታማኝነታቸው ልጀምር። የኛዎቹ የሚጽፉት ቪዡዋል ቤዚክና ፎክስፕሮ በሚባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ታላላቆቻቸው ደግሞ በኮቦል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ በጀመረው (የኛ ነው ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው)፣ ፍሎውማቲክ የተባለውን የአሜሪካዊቷን የግሬስ ሆፐርን ቋንቋ ብዙ በተከተለው ቋንቋ። ያኔ ኮድ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በሚበሳ የወረቀት ካርድ ነበር። ካርዱ 80 ዓምድ አለው፣ ትዕዛዝ የሚጻፈው ግን ከ8ኛው እስከ 72ኛው ድረስ ብቻ ነው። ካርዱ ሙዚየም ከገባ ቆየ። ቋንቋውም በ2002ቱ ደረጃው፣ ማለትም በይፋዊ ደንቡ፣ «በፈለጋችሁት ዓምድ ጻፉ» ብሎ ፈቀደ። ታማኝ ሰው ግን በፈቃድ አይታለልም፣ ዛሬም ሰፊ ስክሪን ከፊቱ ዘርግቶ 72 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

ጎ ቱንም፣ ማለትም ፕሮግራሙን «ከዚህ ዘለህ እዚያ ሂድ» የምትለዋን ትዕዛዝ፣ አልከዷትም። በ1968 ዳይክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ሊቅ ጎጂ ናት የሚል ደብዳቤ አሳተመባት። ይጻፍ፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል። ደግሞ ኦልተር የምትባል ዘመድ ነበረቻት፣ ሥራዋ ፕሮግራሙ እየሮጠ እያለ የጎ ቱን መድረሻ መቀየር ነው። ኮዱን ስታነቡ «ወደ ክፍያ ሂድ» ይላል፣ ሲሮጥ ግን ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። ኮምቦልቻ የሚል ታፔላ ሰቅሎ፣ ሐረጎን ሊወርድ ነው ስትሉ ወደ ኩታበር የሚታጠፍ ሚኒባስ በሉት። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው በ1985 ጊዜ ያለፈባት ብለው ፈረጇት፣ በ2002 ጭራሽ ከደረጃው አስወጧት። አሮጌ ኮድ ውስጥ ግን አሁንም አለች፣ እንደተከበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰዉ «ቋንቋው አርጅቷል» እያለ ያማል። ቋንቋው ምን አደረገ? ቋንቋው እኮ ተሻሽሏል፣ አልሻሻልም ያሉት ሌሎች ናቸው። ኮቦል በ1985 ኤንድ ኢፍን ሰጠ። ኢፍ፣ ማለትም «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትዕዛዝ፣ የት እንደሚያልቅ በግልጽ የምታሳይ ቃል ናት። ከዚያ በፊት ኢፍን የሚዘጋው ነጥብ ብቻ ነበር። አንዲት ነጥብ! ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው ትርፍ ሰዓት አስላ ትላላችሁ፣ ነጥቧ ሳታስቡት እዚያ ጠብ ትላለች፣ ከስሯ ያለው «ጉርሻ ጨምር» የሚለው መስመር ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ስለተጻፈ ለዓይን የኢፉ ቤተሰብ ይመስላል። አይደለም። ኢፉ ነጥቧ ላይ አልቋል፣ ስለዚህ የሠራውም ያልሠራውም ጉርሻውን ይወስዳል። የነባሩን ቸርነት እዩልኝ! ኤንድ ኢፍ ብትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከየት ያገኝ ነበር?

ወደ አገራችን እንመለስ። ቪዡዋል ቤዚክ 6 በ1998 ወጣ፣ ማይክሮሶፍት በ2008 ድጋፉን አቆመ። የፎክስፕሮ የመጨረሻ እትም በ2004 ወጥቶ በ2015 እሱም ተሰናበተ። ቀብሩ ተፈጸመ ማለት ነው። ደሴ ግን ለቅሶ አልደረሰችም፣ ምክንያቱም ሟቹ አራዳ ቁጭ ብሎ ደረሰኝ እየቆረጠ ነው።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት» የምትባለዋን መስመር ነው። ትርጉሟ ስህተት ቢፈጠርም ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ ነው። ሌላው ዓለም ለጥንቃቄ፣ ለአንድ ሁለት መስመር ብቻ ይጠቀምባታል። የኛ ሰው ግን በየሥራው አናት ላይ ይሰቅላታል። ወሎዬ ነዋ፣ ሰው ማስቀየም አይወድም፣ ፕሮግራሙም ይሉኝታ አለው።

ይሉኝታውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ የስኳር ሽያጭ ሲመዘገብ ቆሜ ነበር። ሽያጩ ገባ። ከክምችት የሚቀንሰው መስመር ግን ፋይሉን ጓዳ ያለው ኮምፒውተር ይዞት ስለነበር ወደቀ። ፕሮግራሙ ምን አለ? ምንም። «በትክክል ተመዝግቧል» የምትል ትንሽ መስኮት ብቅ አደረገ። ሒሳብ ሠራተኛዋ እሺን ተጫነች። ከዚያ መሳቢያ ስባ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥታ፣ በእስክሪብቶ 12 ኩንታል ብላ ጻፈችና ከስሩ አሰመረች። ለምን ስላት ገርሟት አየችኝ። «ኮምፒውተሩ ለወጉ ነው፣ ደብተሩ ለሥራ» አለችኝ።

የስያሜ ነገርማ አይነሳ። ቪዡዋል ቤዚክ የአንድን ነገር ስም እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ ኮቦልም ድሮውኑ 30 ፈቅዷል። ጋሼ ግን ቆጣቢ ናቸው፣ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤክስኤክስ። ኤ2 ምንድን ነው ብትሏቸው «እሷን ተዋት» ይላሉ። ዓመትም በሁለት አሃዝ ነው የሚይዙት። ፈረንጅ በኛ ታኅሣሥ 1992 የጨረሰውን የሁለት ሺህ ጭንቀት (ኮምፒውተር 00ን ከ99 በፊት ያለ ዓመት አድርጎ እንዳይቆጥር የተፈራውን) እኛ መስከረም 2000 ላይ በራሳችን ካላንደር ደግመን የመቅመስ ዕድል ነበረን፣ ለዚህ ያበቁን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። የ99 ዓ.ም. ባለዕዳ 00 ላይ ሲደርስ ገና ያልተወለደ ሆኖ ይቆጠርለታል። ምሕረት ማለት ይሄ ነው።

እውነት ለመናገር የድሮ ነገር ሁሉ የሚጣል አይደለም። ኮቦል ውስጥ 88 የሚባል ደረጃ አለ፣ «ኮዱ 3 ከሆነ» ከማለት ፋንታ «ደንበኛው ከከፈለ» ብላችሁ እንድትጽፉ የሚያስችል፣ ጥንታዊ እና ግሩም ነገር። እሱን ግን ብዙው ነባር አይነካውም። ለምን ይንካው፣ ማንም አንብቦ ይረዳዋላ! ኮድ ለሁሉም ከተነበበ ለጋሼ ማን ይደውልላቸዋል? በ2020 በኮሮና ጊዜ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ገዢ የሥራ አጥ ክፍያ ማመልከቻ ሲጎርፍ በአደባባይ ወጥቶ ኮቦል የሚያውቅ ሰው ያለህ ብሎ ነበር። ጋሼ ይሄን ዜና ከሰሙ ወዲህ ዋጋ ጨምረዋል።

አሁን ደግሞ የቅርቡን ልንገራችሁ። አንድ ባለመደብር በቴሌብር የሚከፍለው ሰው ስለበዛ ለሱ የሚሆን ምርጫ ይጨመርልኝ አለ። የክፍያ ዓይነት የሚያዝባት ቦታ የአንድ አሃዝ ናት፣ 1 ካሽ፣ 2 ቼክ፣ 3 ዱቤ። እስከ 9 ቦታ አለ እኮ አልን። ጋሼ ግን ግንባራቸውን ቋጥረው 4ን መጨመር አደገኛ ነው አሉ፣ 3ን የሚፈትሽ ጎ ቱ ስንት ቦታ እንዳለ እሳቸውም አያስታውሱም። ቢሆንም መፍትሔ አላጡም፦ «ቴሌብሩን ዱቤ ብላችሁ ያዙት።» ተያዘ። ሰሞኑን ከመደብሩ ለጓደኛዬ ተደወለለት፣ የስምንት ወር ዕዳህን መጥተህ ክፈል፣ አለዚያ ሽማግሌ እንልካለን ተብሎ። ሁሉንም በየቀኑ ከፍሏል፣ ማረጋገጫውም ስልኩ ላይ አለ። ይዞ ሄዶ አሳያቸው። ጋሼ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ስልኩን አዩ፣ ኮምፒውተሩን አዩ፣ ከዚያ «ፕሮግራሙ እስከዛሬ ተሳስቶ አያውቅም» አሉ።