ማስተካከያ፦ ስለ ጀማ ወንዝ ደለልና ስለ ሳተላይት

ሰሞኑን እኛ ሰሜን ሸዋዎች ጋ እየዞረ ያለው «ሳተላይት የጀማን ደለል በየቀኑ ይመዝናል» የሚለው ነገር ይስተካከል። ሳተላይቱ አይመዝንም፣ ከውሃው የሚመለሰውን ብርሃን ነው የሚያነበው፣ እሱን ወደ ሚሊግራም በሊትር ለመቀየር የግድ ሰው ወንዙ ጋ ወርዶ ውሃ ቀድቶ አጣርቶ አድርቆ መመዘን አለበት፣ ያለዛ ቁጥሩ ግምት ነው። ደሞ «ቀዩን ብርሃን ማየት በቂ ነው» የተባለው ለክረምት ጀማ አይሰራም፤ ውሃው በጣም ሲደፈርስ ደለሉ ቢጨምርም ቀዩ ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ኢንፍራሬዱም (ከቀዩ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን) መታየት አለበት። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ10 ሜትር ፒክስል (አንዷ የምስሉ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት) የሚያልፈው በየ5 ቀኑ ገደማ ነው እንጂ በየቀኑ አይደለም፣ ያውም ዋናው አፈራችን በሚታጠብበት በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ይጋርደዋል። የሚያየውም ላይ ላዩን ነው፣ ታች እየተንከባለለ የሚሄደው አሸዋ አይታየውም። የበፊቱን ያጋራችሁ እባካችሁ ይሄንንም አጋሩ።