300 ከ250 ይበልጣል፣ እህቴ

ከካሜራ ሱቅ አሁን ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይሄን ካልጻፍኩት ዛሬ እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ ቻሉኝ።

የካሜራዬን ነገር ታውቃላችሁ። በሱ ስንት ጊዜ እንደነዘነዝኳችሁም ታውቃላችሁ። በ2016 ሐምሌ ልገዛ ጫፍ ደርሼ ነበር፤ የቀረኝ ዕቁብ መውጣት ብቻ ነበር። ከዚያ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዕቁቡ ወጣልኝ፤ ካሜራው ግን ብር ብሎ ሄደ። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ምሳ ከቤት እየቋጠርኩ፣ ባጃጅ ትቼ በእግሬ እየሄድኩ። ሆሆ፣ ጤንነት እኮ ነው አሉኝ መሥሪያ ቤት።

ሀሳቤ ቀላል ነበር። ቦዲው፣ ማለት ሌንስ የሌለው ካሜራ፣ ርካሽና ያገለገለ ይሁን፤ ካኖን 700ዲ ይበቃኛል። ዋናው ብር ሌንስ ላይ ይዋል። እኔ የማነሳው ሙሽራ አይደለማ! እዚሁ ጅማ ያለውን የቦዬን ረግረግ ወፎች ነው። እነዚያን ዘውድ የደፉትን ረጃጅሞች። በስልኬ ሳነሳቸው የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክሉት። ባለፈው ለእማዬ አሳየኋት። "ስክሪንሽ ቆሽሿል" አለችና በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ወፏን ጠረገቻት!

እሺ፣ ወደ ባለሱቁ ሰውዬ።

"ለሰርግ ነው?"

"አይ፣ ለራሴ ነው።"

"ስቱዲዮ ልትከፍቺ?"

"አይ። ወፍ ለማንሳት ነው።"

ዝም አለ። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ወደሚያስጠርገው ጓደኛው ዞሮ፣ "ወፍ ነው የምታነሳው" አለው። ጓደኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ "ወፍ የለም በላታ!" አላለም? ሊስትሮው ሳይቀር ብሩሹን ጥሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። ይሄ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ራሴን አረጋጋሁና፣ "700ዲውን ልየው። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ማየት እችላለሁ? ኬብልም ላፕቶፕም ይዣለሁ" አልኩት።

"ምኑን ነው የምታይው?"

"ስንት ፎቶ እንደተነሳበት።"

"ኧረ ስሙ! ኪሎ ሜትር ልትቆጥርልኝ ነው! እህቴ፣ ይሄ ካሜራ ነው እንጂ ዶልፊን አይደለም።"

እዚህ ላይ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ቻርጀር ልትገዛ የገባች ልጅም ሳቀች፤ በሷ ነው የተከፋሁት። ግን እኮ ልክ እንደ ኪሎ ሜትር ነው! ሻተር ማለት ካሜራ ውስጥ ያለች መጋረጃ ናት፤ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። የዚህ ደረጃ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ጊዜ ያህል ነው የሚገመተው። አንድ የሰርግ ካሜራማን በቀን 2,000 ጊዜ ቢጫን፣ በ50 ሰርግ አለቀ ማለት ነው። የማን ሰርግ እንደጨረሰው እንኳን ሳላውቅ 38,000 ብር ልክፈል? ኒኮን ቢሆን አንድ ፎቶ አንስቶ ፋይሉ ውስጥ ማንበብ ይቻል ነበር። ካኖን ግን በኬብል አገናኝተህ በፕሮግራም ነው የምትጠይቀው። ላፕቶፑን ከቤት ተሸክሜ የሄድኩት ለዚህ ነው። ቻርጅ አድርጌ! መብራት ሲመጣ ጠብቄ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ!

ከቦርሳዬ ሳላወጣው መለስኩት።

በነገራችን ላይ ስለ ሰርግ ካነሳን፣ የእህቴ ሰርግ አልበም ገና አልመጣም። ልጇ ጥርስ አብቅሏል። ይሄን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ሰውዬው "የሚሻል አለኝ" ብሎ 4000ዲ አወጣ። "ያ 700 ነው፤ ይሄ 4000 ነው" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም። ወገኖቼ፣ የካኖን ቁጥር እንደ ክፍል ደረጃ ነው። ጎበዙ 1ኛ የወጣው ነው እንጂ 4000ኛ የወጣው አይደለም። 5ዲ የትልልቆቹ ነው፣ 70ዲ የመካከለኞቹ፣ 700ዲ የጀማሪ፣ 4000ዲ ደግሞ ከሁሉም በታች። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ነው፤ 700ዲ በ2013። ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው። ግን 4000ዲው ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት እንኳን ፕላስቲክ ነው። ከባድ ሌንስ የማንጠለጥለው እኔ፣ ፕላስቲክ ላይ! ይሄን ሁሉ ነገርኩት። "አዲስ ነው እኮ፣ ሽታውን እይው" ብሎ አፍንጫዬ ስር አስጠጋው።

እሺ፣ ሌንስ። እኔ 55-250 ነው የምፈልገው፤ ቁጥሩ ሌንሱ በሚሊ ሜትር ከየት እስከ የት እንደሚዘረጋ ነው፣ ትልቁ ቁጥር ሩቁን የበለጠ ያቀርባል። ስታቢላይዘር ያለውን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስታግሰውን። እሱ የያዘው 75-300 ነው፣ ያንን ስታቢላይዘር የሌለውን። መልሱን ገምቱ።

"300 ከ250 ይበልጣል፣ እህቴ።"

አቤት ሂሳብ! 300 ላይ ዘርግቶ በእጅ ይዞ ሳይደበዝዝ ለማንሳት ሴኮንዷን 500 ቦታ የመክፈል ያህል ፍጥነት ይፈልጋል። ቦዬ ላይ ወፎቹ የሚገኙት በጠዋት ነው። በጠዋት ደግሞ ጉም ነው፣ ብርሃን የለም። እኔ ደግሞ በቀን አምስት ስኒ የምጠጣ የጅማ ልጅ ነኝ፤ እጄ ራሱ ስታቢላይዘር ይፈልጋል። ይሄን ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጠጋ ብለሽ አንሺያ!" ጠጋ ብለሽ! ውሃው ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ማን ይንገረው?

ለማንኛውም ሌንሱን ተቀብዬ የስልኬን መብራት በአንዱ በኩል አብርቼ በሌላው አየሁ። ውስጡ ላይ፣ ዳር ላይ፣ ቀጭን የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ጅማ ነው እኮ ያለነው፤ ዝናቡ መች ያቆማል? ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ቀበቶ የሚሻግትበት ከተማ ነው። ሌንስ ከሻገተ መስታወቱ ላይ ያለውን ሽፋን ይበላዋል፤ አንዴ ከተበላ ቢጠረግም አይመለስም። እኔ ገና ካሜራ ሳልገዛ ከጫማ ካርቶን ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡትን ከረጢቶች ስሰበስብ ከረምኩ። አንድ ጆንያ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"ይሄ ሻጋታ ነው" አልኩት።

"አቧራ ነው።"

"ውስጥ ነው ያለው።"

"አቧራ ውስጥም ይገባል።" ከዚያ ሌንሱን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና፣ ለታመመ ሰው በሚወራበት ድምፅ፣ "የኔ እናት፣ ባለቤትሽ ይምጣና ለሱ እናስረዳዋለን" አለኝ።

"ባል የለኝም።"

"እሱ ነዋ ችግሩ!"

ይኸው ነው። "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ምኑን ነው ያመሰገንኩት? ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ስንት መልስ መጣልኝ መሰላችሁ። ፈረንጅ አራዳ እስክንደርስ ድረስ ሰውዬውን አራት ጊዜ አዋርጄዋለሁ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ፣ "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ።

ቤት ስደርስ ደግሞ አክስቴ ተቀምጣለች። "ስንት ነው አልሽኝ? በዚህ ብር እኮ ሁለት ፍሪጅ..." ፍሪጅ አለን፣ እትዬ! አንዱም ቢሆን መብራት የለውም! ፍሪጅ ሲገዛ "ምን ገቢ ያመጣልሻል?" ያለ ሰው አለ? ወንድሜ በየሳምንቱ ኳስ የሚያይበትን ማን ደምሮት ያውቃል? ባለፈው ደግሞ የአዌቱን ድልድይ በስልክ ሳነሳ አንዱ መጥቶ "ፈቃድ አለሽ?" አለኝ። ጎኔ ቆማ ሰልፊ የምትነሳውን ልጅ ግን ማንም አልጠየቃትም። ራስህን ካነሳህ ሰላም ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ሂጂ እንዳትሉኝ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ሄጄ "ለሰርግ ነው?" ልባል? የአጎቴን ልጅ ልላከው ብዬም ነበር። ያው እሱ ነው፣ ፓወር ባንክ ገዝቶ ሲልክልኝ ውስጡ አሸዋ የተገኘው።

ብሩ አሁንም አለ። እስቲ 700ዲ ወይም 55-250 የሚሸጥ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሰርግ ያልበዛበት ይሁን፤ ላፕቶፕ ይዤ ነው የምመጣው። "ለምን ይጠቅምሻል" የምትሉ ግን አትጻፉልኝ፤ ዛሬ ብሎክ ለማድረግ እጄን እያሳከከኝ ነው።